ለአክስቴ ያልነገርኳት

ዓምና በጥቅምት፣ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ፣ የመጀመሪያ ማራቶኔን ልሮጥ ተዘጋጀሁ። ዋዜማውን አክስቴ ቤት አመሸሁ። «42 ኪሎ ሜትር የምትሮጪ ልጅ እንዲሁ አታድሪም» ብላ ዶሮ ወጥ ሠራችልኝ። ደጋግማ አጎረሰችኝ። የእሷን ጉርሻ እምቢ ማለት ደግሞ አይሆንልኝም።

ጠዋት ጉልበቴን ስላመመኝ አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ዋጥኩ። መንገድ ላይ ደግሞ ጄሉን፣ ሯጮች ለኃይል የሚወስዱትን ጣፋጭ ዝልግልግ ነገር፣ ያለ ውሃ መጠጥኩት።

30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆዴ ተገለባበጠ። ቁርጠቱ ቀና ብዬ መሄድ ከለከለኝ። ሦስት ጊዜ መንገድ ዳር ሽንት ቤት ገባሁ። በሦስተኛው በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ውድድሩን አቋረጥኩ። ለአክስቴ «ጉልበቴ ነው» አልኳት። ተቅማጥ ያዘኝ ብሎ ማውራት እኛ ዘንድ ነውር ነዋ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ከረምኩ። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ለማውቃት ሲስተር ነገርኳት። ነርስ ናት፤ እሷም ትሮጣለች። «የኔ እናት፣ ስንቱ ሯጭ ላይ ይደርሳል መሰለሽ» አለችኝ። እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2005 የለንደን ማራቶን ሆዷ አስቸግሯት፣ በሕዝብ ፊት መንገድ ዳር ተቀምጣ ተጸዳድታ፣ እንደገና ሮጣ ማሸነፏን ነገረችኝ። ያኔ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነበረች። እንዴት ቀለል እንዳለኝ!

ሲስተር እንዳስረዳችኝ፣ ስንሮጥ ደሙ ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ይሄዳል። ለአንጀት የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሙቀትና የውሃ እጥረት ሲጨመርበት ይብሳል። ቅቤና ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ቶሎ አይፈጭም። አይቡፕሮፌኑ የአንጀትን ግድግዳ ይጎዳል። ያለ ውሃ የተወሰደ ጄል ደግሞ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡ ከዚያም ይመጣል። ሰገራ ላይ ደም ከታየ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ሆድም እንደ እግር ይለማመዳል። ክረምቱን ሙሉ በረጅም ልምምዴ ቀን ጄሉን ከውሃ ጋር በትንሽ በትንሹ ወሰድኩ። በሰዓት ከ30 ግራም ካርቦሃይድሬት ጀምሬ ወደ 60 ከፍ አደረግኩት። ለጉልበቴ ኪኒኑን ትቼ የሐኪም ምክር ያዝኩ።

ዘንድሮ ለአክስቴ እውነቱን ነገርኳት። «እኔ ነኛ ያሳመምኩሽ!» ብላ እንባዋ መጣ። አቅፌ አባበልኳት። ለዋዜማው ነጭ ሩዝ ቀቀለችልኝ። ዶሮዋን ግን አልተወችም፤ ለማግስቱ ሠራችው። ጨርሼ ስመጣ ጫማዬን ሳላወልቅ አጎረሰችኝ።