የተከላካዩ እግር

በቅርጫት ኳስ ዳኝነት ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ ስድቡን ሜዳው ላይ ትቼው ነው የምወጣው። ዛሬም ድረስ የሚከነክነኝ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ በቀና ልብ የሰጡኝ ምክር ነው።

የወጣቶች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ነበር፤ ሲሚንቶ ሜዳ፣ ሁለት ዳኛ። አብረውኝ የዳኙት እኔንም ያሠለጠኑ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

በመጀመሪያው ሩብ 11 ቁጥር ለባሹ ተከላካይ ኳስ የሚያነጥረውን ልጅ መዳፉን ወገቡ ላይ አሳርፎ ይከተለው ነበር። አይገፋውም፤ ወዴት እንደሚዞር በእጁ እያወቀ፣ ሊፈጥን ሲል ያዘገየዋል። በቃል አስጠነቀቅሁት፤ ቀጠለ፤ ነፋሁበት። ደገመው፤ ደግሜ ነፋሁ። በአጠገቤ ሲያልፍ «ታዲያ በምን ልከላከለው?» አለኝ።

«በእግርህ» አልኩት።

ልጁ ሰማኝ። ከእረፍት በኋላ እጆቹን ከፍ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ በእግሩ ብቻ ጎን ለጎን እየተንሸራተተ መከላከል ጀመረ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማኝ ነበር፤ መዳፉ ግን ወደዚያ ወገብ አልተመለሰም።

አራተኛው ሩብ ሊያልቅ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ሲቀር የእርሱ ቡድን በ1 ነጥብ ይመራ ነበር። አጥቂው በቀኝ በኩል ወደ ቅርጫቱ ገሰገሰ። 11 ቁጥር ሁለት እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ ፊት ለፊቱ ቦታ ይዟል፤ አጥቂው ወደ ጎን ሊያልፈው ሲል እርሱም ወደ ጎን ሄደ። እኔ ከቅርጫቱ ጀርባ ካለው መስመር ውጪ ነበርኩ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት እንዲታየኝ ፈቀቅ አልኩ። አጥቂው ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ደረቱ መሃል ላይ ገጨው። ኳሱ ከእጁ የወጣው ከግጭቱ በኋላ ነው። ተከላካዩ የወደቀው ከቅርጫቱ ሥር ካለው፣ በአብዛኛው የአጥቂ ጥፋት ከማይነፋበት የ1.25 ሜትር ራዲየስ ግማሽ ክብ ርቆ ነው። ኳሱ ገባ። ነፋሁ፤ ጡጫዬን በመዳፌ ላይ መትቼ የአጥቂ ጥፋት መሆኑን አሳየሁ፤ ቅርጫቱንም ሻርኩ።

የአጥቂው ቡድን አሠልጣኝ እስከ መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ድረስ መጣ። «እየተንቀሳቀሰ ነበር እኮ!»

«አዎ፣ እየተንቀሳቀሰ ነበር።»

የምክደው መስሎት ነበርና መልሱ ጠፋው። ተከላካይ እንደ ሐውልት ካልቆመ ጥፋቱ የእርሱ ነው የሚል እምነት በየሜዳው አለ፤ ደንቡ ግን እንዲህ አይልም። ተከላካዩ ፊቱን ወደ ተጋጣሚው አዙሮ ሁለት እግሩን መሬት ካሳረፈ በኋላ ወደ ጎንም ሆነ ወደ ኋላ መሄድ ይችላል፤ እርሱ ራሱ ወደ አጥቂው ገብቶ መግጨት ነው የማይፈቀድለት። ኳስ የያዘ ተጫዋች ደግሞ ፊቱ ሰው ሊቆምበት እንደሚችል አውቆ መሄድ አለበት። በቂ ርቀትና ጊዜ አልተሰጠኝም ማለት የሚችለው ኳስ ያልያዘ ተጫዋች ነው። ስለዚህ ዳኛ እንዲህ ያለውን ግጭት ሲዳኝ ከኳሱ ዓይኑን አንስቶ ከተከላካዩ እግር ይጀምራል። ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው።

ጨዋታው በዚያው ውጤት አለቀ። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ጋሼ የጫማቸውን ማሰሪያ እየፈቱ «የእኔ ልጅ፣ ፍርድሽ ትክክል ነው» አሉኝ። «ግን በዚያች ደቂቃ አይነፋም። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይጨርሱት።»

«ባልነፋ ኖሮ ቅርጫቱ ይቆጠር ነበር፤ ጋሼ። ያኔስ የጨረሰው ማን ይባል ነበር?»

«ይቆጠር ነበር፤ ግን ይህን ያህል አይጮኹብሽም።»

«ያ ልጅስ? እጅህን ተወውና በእግርህ ተከላከል ያልኩት እኔ ነኝ። እንዳልኩት አደረገ።»

ጋሼ ማሰሪያውን ፈትተው ጨረሱ። «ልጅ ነው፤ ይረሳዋል።»

አይረሳውም። በዚያች ደቂቃ ዝም ብል ኖሮ ከዚያ በኋላ በሚጫወተው ጨዋታ ሁሉ እጁ ወደ ሰው ወገብ ይመለስ ነበር፤ እኔም ያን እጅ ለመቅጣት ምን አፍ ይኖረኝ ነበር? ጋሼ ከልባቸው የሚሉት አንድ እውነት እንዳለ አውቃለሁ። ንክኪ ሁሉ አይነፋም። በዚያው ጨዋታ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው አጥቂው ፍጥነቱንም አቅጣጫውንም ሳያጣ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ ይህንንም የተማርኩት ከእርሳቸው ነው። ዝም ያልኩት ግን ንክኪው ምን እንዳስከተለ አይቼ ነው። ደረቱን ተገጭቶ የወደቀ ልጅ ከሰዓቱ ጋር ምን አገናኘው?

ያ አሠልጣኝ በቀጣዩ ውድድር የራሱን ልጆች እጃቸውን አንሥተው በእግራቸው እንዲከላከሉ አሠልጥኗቸው መጣ። አንደኛው ሲገጭ ከፊሽካዬ ቀድሞ «ቦታውን ይዟል!» ብሎ ጮኸ። ይዞ ነበር፤ ነፋሁለት። ከጋሼ ጋር ዛሬም አብረን እንመደባለን። ከጨዋታ በፊት ስንነጋገር የመጨረሻዋን ደቂቃ ጉዳይ ሁልጊዜ አነሣባቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ከሐሳባቸው ፈቀቅ አላሉም፤ እኔም አላልኩም።