ደሴ ላይ በጥብቅና ስሰራ ባለጉዳይ እንዴት እንደያዝኩ

ስራ አቁሜያለሁ እላለሁ እንጂ አላቆምኩም። ፒያሳ የነበረውን ቢሮ ዘግቼ ሳሎኔ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሶስት ሰው ይመጣል፣ ችሎት ግን በጣም ካልተገደድኩ አልቆምም። ወጣት ጠበቆች "ጋሼ፣ ባለጉዳይ እንዴት ነው የሚይዙት?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ እስቲ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

መጀመሪያ ወረዳ ላይ ዳኛ ነበርኩ፣ ከዚያ ፈቃድ አውጥቼ ጥብቅና ገባሁ። ዳኛ ሆኜ ያየሁት፣ ሰው በክሱ የሚጠይቀው ሌላ የሚፈልገው ሌላ ነው። ስለዚህ ጠበቃ ከሆንኩ ወዲህ ክስ ከመጻፌ በፊት "ብንረታ በማግስቱ ምን እንዲሆን ነው የምትፈልገው?" እላለሁ። ከኩታበር የመጣ ገበሬ የድንበር ክስ ክፈትልኝ ብሎኝ ይህን ስጠይቀው ወንድሙ የእናታቸው ተስካር ላይ ስላልመጣ ነው ነገሩ የተነሳው። ድንበሩማ አንድ እርምጃ አይሞላም!

ቀጥሎ ወረቀት። ሰው ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ነው የሚመጣው፣ የግብር ደረሰኝ፣ የይዞታ ደብተር፣ የእድር ደብተር፣ የልጅ ክትባት ካርድ ሳይቀር። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ በቀን ቅደም ተከተል እደረድረዋለሁ፣ ምክንያቱም የፍትሐ ብሔር ስነ ስርዓት ህግ ቁጥር 223 የማስረጃና የምስክር ዝርዝር ከክሱ ጋር ይያያዝ ይላል፣ በኋላ "ረስቼው ነበር" ብሎ ማምጣቱን የዚያው ህግ ቁጥር 137 አይወደውም። ኑዛዜ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን ነው የማነበው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፣ መነበቡ ራሱ እዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት፣ የፍትሐ ብሔር ህጉ ቁጥር 881 ነው። ማመልከቻ ጸሐፊ ጋ የተጻፈ፣ አራቱም የፈረሙበት፣ ግን "ተነበበ" የምትለዋ ቃል የሌለችበት ስንት ኑዛዜ አይቻለሁ መሰላችሁ።

አሁን ብድር ላይ ልቆይ፣ ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። እህል የምትነግድ አንዲት እናት ለዋርሳዋ 90 ሺህ ብር አበድራ ካዳት። "ጎረቤት አይቷል፣ ምስክር አለኝ" ትላለች። የፍትሐ ብሔር ህጉ ቁጥር 2472 ግን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሁፍ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሃላ ነው ይላል፣ ጎረቤት ቢያይም ባያይም። 500 ብር ህጉ በወጣበት በ1952 ትልቅ ገንዘብ ነበረች፣ ዛሬ ስጋ ቤት ገብተህ አትወጣባትም፣ ህጉ ላይ ግን አለች።

እና ክስ አልከፈትኩም፣ ሽማግሌ ላክን። ሼሁም ቄሱም ተቀመጡ፣ ቡና ተፈላ፣ ሰውዬው አንድ ብር አልወሰድኩም ብሎ ድርቅ አለ። ሼሁ ሳይቆጡ "በጀ፣ እንግዲያ ማል" አሉት። ሲኒውን አስቀመጠና "60 ነው እንጂ 90 አይደለም" አለ። እሷ ጮኸች፣ እኔ ግን ደስ አለኝ፣ 60 ካለ በኋላ ወደ ምንም መመለስ አይችልም። በ80 ተስማሙ፣ እኔም ቶናው ሳይቀዳ ወረቀት አውጥቼ የሚከፈልበትን ቀን፣ መጠኑን፣ ቢያዘገይ ምን እንደሚሆን ጻፍኩና ሁለቱም ፈረሙ፣ ሁለት ምስክርም ፈረመ። እርቅ በቃል ብቻ ከቀረ ክረምት ሲገባ ይረሳል። ክስ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ስምምነቱን ችሎት አቅርበን እናስጸድቀው ነበር፣ ያኔ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ሁሉን ነገር ግን ወደ ሽማግሌ አልገፋም። የተደበደበች ሚስት ስትመጣ ሽማግሌ የሚላት "ቻይው ልጄ" ነው፣ እዚያ ላይ በቀጥታ ፍርድ ቤት። የሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ይዛ የምትመጣ ሴትም አለች፣ መቅረብ ግዴታ ይመስላታል። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ነው የሚለው፣ እሷ ካልፈለገች መደበኛው አለ፣ ከፈለገችም መብቷ ነው፣ ሄዳ ደስ ብሏት የተመለሰችም አውቃለሁ። እኔ አልመርጥላትም፣ ሁለቱንም በር አሳያታለሁ።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስንቱ ሰው ሰነዱን አጥቷል። ከዚያ ወዲህ ዋናውን ወረቀት እኔ ጋ አላሳድርም፣ በስልክ ፎቶ አንስቼ እዚያው እመልሳለሁ።

ክፍያን በተመለከተ በጽሁፍ ነው የምዋዋለው፣ የማይረታ ነገር ከሆነ ደግሞ አይረታም ብዬ ሳላስከፍል እሸኛለሁ። ይሄ ሁልጊዜ አያስመሰግንም። አንድ ሰውዬ 12 አመት የቆየ የውል ገንዘብ ይዞ መጣ፣ ይርጋው፣ ማለት መክሰስ የሚቻልበት ጊዜ፣ 10 አመት ነው፣ ተከሳሹ ካነሳው አለቀልህ አልኩት። "ፈርተህ ነው" ብሎኝ ሌላ ጠበቃ ያዘ፣ ተከሳሹም በመጀመሪያው መልሱ ይርጋን አነሳና መዝገቡ ተዘጋ። የተቀየመው ግን እኔን ነው!