የተንጋደደው ኮከብም ይሰቀል

ውድ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ። በሥራ ብዛት የዛላችሁ ዕረፍት፣ በሕመም ላይ ያላችሁ ምሕረት፣ ከቤተሰባችሁ ርቃችሁ በዓሉን የምታሳልፉ ደግሞ የሚያጽናና ድምፅ እንድታገኙ ከልብ እመኛለሁ። ከመልካም ምኞቴ ጋር አንድ ጉዳይ ማንሣት ልማዴ ነውና ዘንድሮ ስለ ወረቀት፣ ስለ መቀስና ስለ ሙጫ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ነገሩ ለበዓል መልእክት የሚመጥን ቁም ነገር ያልመሰለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ሆኖም ከበዓል ሽር ጉድ መካከል ልጆች እውነተኛ ድርሻ ይዘው የሚገቡበት ሥራ ቢቆጠር ከቤት ማስዋብ የሚቀድም ብዙ አይገኝም።

በቤት የሚሠራ ጌጥ ዋጋው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሚታየው ይልቅ ሲሠራ በሚያልፈው ሰዓት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ምን እንሥራ ብለን ስንመርጥ መነሻችን ስልክ ላይ ያየነው ያማረ ፎቶ ሳይሆን የልጃችን እጅ መሆን አለበት። ብዙዎቹ ፎቶዎች በዐዋቂ እጅ ተሠርተው፣ ብርሃን ተስተካክሎላቸው፣ ከብዙ ሙከራ መካከል ተመርጠው የወጡ ናቸው። የአራት ዓመት ልጅ ያንን እንዲመስል ሲገፋ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ እናቱ ወይም ወደ አባቱ እጅ ይሸጋገራል፤ ልጁም «አንተ ቁጭ ብለህ እይ» ተብሎ ከገዛ ሥራው ተመልካች ይሆናል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ልጆች ከተኙ በኋላ የተንጋደደውን ማቃናት፣ የፈሰሰውን ሙጫ መጥረግ፣ ያልተመጣጠነውን መቁረጥ ነው። ልጁ ጠዋት ተነሥቶ ሲያይ ሥራው መቀየሩን ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ ባይናገርም ያውቃል። ኮከቡ አንድ ጫፉ ከሌሎቹ ቢረዝም አይቶ እንዳላየ ማለፍ ይሻላል።

ልጅ በእጁ ሲሠራ ይማራል የሚለው አሳብ ትናንት የመጣ አይደለም። ጀርመናዊው የትምህርት ሰው ፍሪድሪክ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ ለሕፃናት የጨዋታና የእጅ ሥራ ተቋም ከፍቶ፣ በ1840 ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች የሚጠራበትን «ኪንደርጋርተን» የሚለውን ስም አወጣለት። ለሕፃናቱ ከመደባቸው ሥራዎች መካከል ወረቀት ማጠፍ፣ ወረቀት መቁረጥና ቀጫጭን የወረቀት ሰቆችን እንደ ሰሌን መጎንጎን ይገኙበታል። ከአራት ሰቆች ብቻ ያለ ሙጫ የሚታጠፈው የወረቀት ኮከብም ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። ኮከቡ ውብ ነው፤ ነገር ግን ለትናንሽ ልጆች ከባድ ስለሆነ ቤት ውስጥ ከፍ ያለ፣ ትዕግሥት ያለው፣ «የሕፃን ሥራ ነው» ብሎ ከገበታው መራቅ የጀመረ ልጅ ካለ ለእርሱ ቢተው መልካም ነው።

ለጀማሪ ቤተሰብ ግን ከወረቀት ሰንሰለት የተሻለ የለም። መደበኛው የኤ4 ወረቀት 21 ሳንቲ ሜትር በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በአጭሩ ጎን አቅጣጫ በ3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሲቆረጥ ዘጠኝ ሰቆች ይወጡታል። እያንዳንዱ ሰቅ ተጠቅልሎ ጫፉ በአንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ተደራርቦ ሲጣበቅ ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀለበት ስለሚሆን፣ ከአንድ ወረቀት ግማሽ ሜትር ያህል ሰንሰለት ይገኛል። ሦስት ሜትር ለሚሆን ግድግዳ ስድስት ወረቀት በቂ ነው ማለት ነው። አዲስ ወረቀት መግዛትም አያስፈልግም፤ አሮጌ መጽሔት፣ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ፣ የተረፈ የስጦታ መጠቅለያ ሁሉ ይሆናል። ለትንሹ ልጅ ሙጫ ማስያዝ፣ ለትልቁ መቀስ መስጠት፣ ለአያት ደግሞ ቀለም መምረጡን መተው ሥራውን በተፈጥሮው ያከፋፍለዋል። በዓሉ ጥቂት ሳምንታት ከቀሩት ደግሞ ቀለበቶቹን በቀሩት ቀናት ልክ ሠርቶ በየማታው አንድ አንድ ማውለቅ «መቼ ነው የሚደርሰው?» ለሚለው ማለቂያ የሌለው ጥያቄ በዓይን የሚታይ መልስ ይሆናል።

ከዚህ ከፍ የሚለው የታጠፈ ወረቀት ቆረጣ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝም ይኸው ነው። ሳህን በስስ ወረቀት ላይ ተደፍቶ ዙሪያው በእርሳስ ይከበባል፤ ክቡ ተቆርጦ እኩል ለሁለት ይታጠፋል፤ ግማሽ ክቡ ደግሞ ለሦስት እኩል ክፍል ታጥፎ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ለሁለት ይታጠፋል። እጅ ላይ የሚቀረው ዐሥራ ሁለት ድርብርብ ያለው ሹል ቁራጭ ነው። ከሁለቱም ጠርዞች ላይ ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖችና ግማሽ ክቦች ይቆረጣሉ፤ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አንዱን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨርሶ አለመቁረጥ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ወረቀቱ ይበታተናል። ሲዘረጋ፣ ከአንድ ጠርዝ ላይ አንድ ጊዜ የተቆረጠው ሦስት ማዕዘን ስድስት ቦታ የአልማዝ ቅርጽ ሆኖ ይወጣል። ልጁ እዚህ ቁረጥ እዚያ ቁረጥ ሳይባል በዘፈቀደ የቆረጠው ሁሉ በሥርዐት ተደርድሮ ሲመለስለት ማየት፣ ሒሳብ አስተማሪ በሰሌዳ ላይ ስለ ምጥጥን ብዙ ደክሞ የሚያስረዳውን በአንድ አፍታ ያስረዳል። ድርብርቡ ለትንሽ መቀስ ካስቸገረ የመጨረሻውን እጥፋት መተው ይቻላል። ወፍራም ወረቀት ግን ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ የሚያተርፈው የደከመ ጣትና የተቆጣ ልጅ ነው።

ዝናብ ይዟቸው ወይም ዕረፍት ሆኖ ልጆች ቀኑን ሙሉ ቤት ለሚውሉበት ጊዜ የጨው ሊጥ የሚያህል ሥራ አላውቅም። መስፈሪያው ቀላል ነው፤ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ የደቀቀ ጨውና ወደ አንድ ኩባያ የሚጠጋ ውሃ። ውሃው በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ይታሻል። ማሸቱ ራሱ የልጆች ድርሻ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የተፈቀደ መጨማለቅ በዓመት ስንት ጊዜ ያገኛሉ? ከዚያ በመዳመጫ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ተዳምጦ በብርጭቆ አፍ ወይም በቢላዋ ጀርባ ይቀረጻል። የማንጠልጠያው ቀዳዳ ሊጡ እርጥብ እያለ በስትሮ መበሳት አለበት፤ ከደረቀ በኋላ ለመብሳት መሞከር ጌጡን ይሰነጥቀዋል። ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ኦቨን እያገላበጡ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ማቆየት ያደርቀዋል፤ እሳቱ ሲበዛበት ያብጣል፣ ይጠቁራል። ኦቨን የሌለው ቤትም አይቀርበትም፤ ነፋስ በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ላይ በየቀኑ እየተገለበጠ ቢቀመጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርቃል። ቀለም የሚቀባው ውስጡ ድረስ ከደረቀ በኋላ ሲሆን፣ ጨው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ፊቱም ጀርባውም ቫርኒሽ ካልተቀባ ቆይቶ ይለሰልሳል። የሕፃን መዳፍ ታትሞበት ስሙና ዓመተ ምሕረቱ ከጀርባ የተጻፈበት የጨው ሊጥ፣ ልጁ አድጎ መዳፉን ሲያስተያይ ቤቱን ሁሉ የሚያስቅ ቅርስ ይሆናል። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ ብዙ ጨው ለውሻ መርዝ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ውሻ ያላችሁ ሊጡንም የደረቀውን ጌጥም ከማይደርስበት ቦታ አኑሩ።

ብርሃን የሌለበት በዓል ስለማይታሰብ ፋኖስም ልጥቀስ። አፉ ሰፊ የሆነ ባዶ ጠርሙስ በደንብ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፣ ስስ ባለቀለም ወረቀት በእጅ እየተቀደደ፣ በእኩል ውሃ በተቀጠነ ነጭ ኮላ በብሩሽ ይለጠፍበታል። መቅደድ መቀስ ስለማይጠይቅ የሦስት ዓመት ልጅም ከወንድሞቹ እኩል የሚሠራው ሥራ ነው። በውስጡ የሚገባው ግን የእሳት ሻማ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ልጆች በሚሯሯጡበት፣ የወረቀት ጌጥ በተንጠለጠለበት ቤት የባትሪ መብራት አሳብ ያቀልላል። እዚህም ላይ ዓይናችሁን አትንሡ፤ አንዳንዶቹ የባትሪ ሻማዎች የሚሠሩት ሳንቲም በምታህል ክብ ባትሪ ነው። ያቺን ባትሪ ሕፃን ቢውጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን እስከ ማቃጠል ትደርሳለች። የባትሪው ክዳን በብሎን የሚዘጋ መሆኑን ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም፤ ልጅ ውጧል ብሎ የጠረጠረ ሰውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሮጥ አለበት። በዚሁ መንገድ፣ ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባለበት ገበታ ላይ ዶቃና አዝራር ባይዘረጋ ይሻላል። በሶፍት ካርቶን ቱቦ ውስጥ ማለፍ የሚችል ዕቃ ሁሉ ሕፃንን ሊያንቀው ይችላል ብሎ መገመት ጥሩ መለኪያ ነው።

ብልጭልጭ ዱቄት ለሚወዱ ቅሬታ ቢያስከትልብኝም፣ እኔ ከገበታው ባይቀርብ ደስ ይለኛል። አብዛኛው ደቃቅ ፕላስቲክ ነው፤ ምንጣፍ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት አይወጣም፤ ከታጠበ ደግሞ ወደ ወንዝ ይሄዳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ እንዲህ ያለውን የተበተነ የፕላስቲክ ብልጭልጭ ከገበያ ማስወጣት የጀመረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማብለጭለጭ ካስፈለገ የከረሜላ ወረቀት ተሰብስቦ ሲቆራረጥ ያንኑ ያህል ያበራል።

የእጅ ሥራ ካርድን ሳላነሣ ባልፍ ራሴን እታዘባለሁ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ኮል እ.ኤ.አ. በ1843 ለወዳጆቹ ሁሉ በእጁ ለመጻፍ ጊዜ ሲያጣ የበዓል ካርድ በሠዓሊ አሥሎ አሳተመ፤ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የገና ካርድ ተብሎ የሚታወቀውም ይኸው ነው። የኮል ችግር ዛሬም የእኛ ችግር ነው፤ ልዩነቱ እኛ አንዱን ምስል በአንድ ጣት ለመቶ ሰው እንልካለን፣ ከመቶ ሰውም ያንኑ ምስል መልሰን እንቀበላለን። ይህንን መልእክት ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚልክ ሰው ይህን መናገሩ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ለሁሉ ባይቻል ለአያት፣ ለአክስት፣ ለጎረቤት አንድ አንድ ካርድ ከልጆች እጅ ቢወጣ ጊዜው የባከነ አይሆንም። የኤ4 ወረቀት ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ ውስጡም ውጭውም የሚጻፍበት ካርድ ይሆናል። ፊደሉ ቢዞር፣ የአያት ስም አንድ ሆሄ ቢጎድለው አታርሙት፤ አያት የሚያነቡት ያንኑ ነው፤ አስቀምጠውም ለመጣ ለሄደው ሁሉ የሚያሳዩት ያንኑ ነው።

ጊዜን በተመለከተ የማሳስበው አንድ ነገር ቢኖር ሥራው ለዋዜማ ባይተው የሚል ነው። ዋዜማ ላይ ሁሉም ደፋ ቀና ሲል ሙጫ የፈሰሰበት ልጅ የሚያገኘው ቁጣ ብቻ ነው። በዓሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ቀን አንድ ሥራ ብቻ ቢያዝ ይበቃል። የትናንሽ ልጆች ትዕግሥት ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አያልፍምና ሰልችቶት የተነሣውን ልጅ አስገድዶ ማስቀመጥም አያስፈልግም፤ ትልልቆቹ ጨዋታቸውን ይዘው ቢቀጥሉ እርሱ ራሱ ይመለሳል። ልጅ የሌላችሁ ወይም ብቻችሁን የምትኖሩ ወዳጆቼም ከዚህ ውጭ አይደላችሁም፤ ጎረቤት ልጆች አሉ፣ ብቻቸውን የሚውሉ ሽማግሌዎችም አሉ፤ መቀስ ይዞ የሚመጣን እንግዳ የሚመልስ ቤት ገና አላየሁም።

በዓሉ ሲያልፍ ሁሉን ማስቀመጥ አይቻልም፤ አይገባምም። ሙጫ የበዛበት ወረቀት ይጣል፤ ንጹሑ ለሚቀጥለው ሥራ ይዋል፤ ከየልጁ ሥራ አንድ አንድ ብቻ ተመርጦ፣ ከጀርባው ስምና ዓመት ተጽፎበት፣ በደረቅ ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ። የሚቀመጠውን መምረጥ ግን ለሠሪው ተዉለት። እናንተ ዓይናችሁን የጣላችሁበትን ትቶ ሌላ ቢመርጥ ምክንያቱን ጠይቁት፤ ረዘም ያለ ታሪክ ልትሰሙ ትችላላችሁ።

በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የፍቅር ይሁንላችሁ። ለሚቀጥለውም ዓመት በሰላም ያድርሰን።