የሊምፍ ማሳጅ ለተሳሰረ እግር፦ እስካሁን ያየሁት

ለታላቁ ሩጫ አብረን የምንዘጋጅ ልጆች "ማሳጁ እንዴት ሆነልሽ?" ስላላችሁኝ የደረስኩበትን ልጻፍላችሁ። ባጭሩ እግሬን ያቀልልኛል። ሕመሙን ግን አያጠፋውም።

ከእንጦጦ ቁልቁል ሮጦ በማግስቱ ደረጃ የወረደ ሰው የትኛውን ሕመም እንደምል ያውቃል። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደታችንን የሚይዘው። ያኔ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። ሰውነት ያንን ሲጠግን ቦታው ይቆጣል፣ ትንሽም ያብጣል። ሕመሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ይጀምርና እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይብሳል። ብዙዎቻችን በላክቲክ አሲድ እናመካኛለን። እሱ ግን ሩጫው ካበቃ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከደም ይጠራል። ስለዚህ "በማሳጅ ላክቲክ አሲዱን እናወጣልሃለን" የሚላችሁን አትስሙ።

ሊምፍ ሌላ ነገር ነው። ከደም ሥር ወደ ሥጋ የሚወጣው ፈሳሽ ትርፉ ነው፤ የሚሰበሰበውም በራሱ ቱቦዎች ነው። እንደ ደም በልብ አይገፋም። የሚያንቀሳቅሱት የቱቦዎቹ የራሳቸው መኮማተር፣ የጡንቻ እንቅስቃሴና ትንፋሽ ናቸው። መጨረሻ ላይ አንገት ግርጌ ጋ ወደ ደም ይመለሳል። መነሻ ቱቦዎቹ እዚሁ ቆዳችን ሥር ያሉና በጣም ስስ ናቸው። ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደርና ባለቤቱ ኤስትሪድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ይህን ዘዴ ሲጀምሩ እጃቸውን ያቀለሉት ለዚህ ነው።

ለኔ ከሁሉ የከበደኝም እሱ ነው፤ እጅ ማቅለል። ወጌሻ ጋ የለመድነው በቅባት እስኪያቃስቱ መታሸት ነው። እዚህ ቅባት የለም። ጣቶቼን ዘርግቼ አሳርፍና ሳላንሸራትት ቆዳውን ብቻ በዝግታ ወደ ላይ ሳብ አድርጌ እለቀዋለሁ። ሥሩ ያለው ጡንቻ ከተሰማኝ በዝቷል። ቆዳው ከቀላም በዝቷል። የምጀምረው ከአንገት ግርጌ፣ ከአጥንቱ በላይ ካለው ጎድጓዳ ቦታ ነው። ከዚያ በሆድ ጥልቅ ትንፋሽ። ቀጥሎ ብሽሽት፣ ያው ንፍፊት የሚወጣበት ቦታ። ከዚያ ጭን፣ ቋንጃ፣ ባት፣ ቁርጭምጭሚት። ወደ ታች ብወርድም እጄ ሁልጊዜ የሚስበው ወደ ላይ ነው። ቀድሞ ከላይ መንገዱን መክፈት ነው ነገሩ።

ልዩነቱን ለማየት ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ማታ ቀኝ እግሬን ብቻ አሸሁ። ግራውን ተውኩት። በማግስቱ ካልሲዬን ሳወልቅ የላስቲኩ ምልክት በግራው ላይ ጠልቆ ብዙ ቆየ፤ የቀኙ ቶሎ ጠፋ። ቀኙ ቀለል፣ ፈታ ብሎኛል። ደረጃው ላይ ግን ሁለቱም ጭኖቼ እኩል ጮኹ! በርግጥ የትኛውን እንዳሸሁ ስለማውቅ ስሜቴ አድልቶ ሊሆን ይችላል። ካልሲው ግን አያዳላም።

የተደረጉት ጥናቶችም ጥቂትና ትናንሽ ናቸው፣ ውጤታቸውም አይገጥምም። ዘዴው ዋና ቦታው ሌላ ነው፦ ለምሳሌ ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ክንዳቸው ለሚያብጥ ሰዎች፣ ከፋሻ ጋር። ለእኛ ዓይነቱ ሕመም ቀስ ብሎ መራመድም ሊምፉን ያንቀሳቅሰዋል፤ የሚገፋው ጡንቻ ነውና። እኔ ማታ ማታ ማሳጁን የማልተወው እንቅልፌን ስለሚያሳምርልኝ ነው።

አንድ ነገር አደራ። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አትንኩት፤ ሐኪም ቤት ሂዱ። የልብ ወይም የኩላሊት ችግር፣ ኢንፌክሽን ወይም ካንሰር ያለበትም ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክር።

በሚቀጥለው ቁልቁለት ግራውን አሽቼ ቀኙን እተዋለሁ። አብሮኝ የሚሞክር ካለ የትኛውን እንዳሸና ደረጃ ሲወርድ የትኛው እንዳመመው ይጻፍልኝ።