9900 የተጻፈበት ድንጋይ

ጅማ ዝናቡ ሲጠና መብራት ሄድ መጣ ማለት ያበዛል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ለእጅ ባትሪዬ ቻርጅ የሚደረጉ ሁለት ድንጋዮች ከቴሌግራም ላይ አዘዝኩ። 18650 የሚባሉት፣ ከጣት ወፈር የሚሉት። ላያቸው ላይ 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት ይላል፤ የሚይዙት የኤሌክትሪክ መጠን መሆኑ ነው። ዋጋቸውም ርካሽ ነው። ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ትናንት ማታ ሙሉ ቻርጅ አድርጌ አበራሁት። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጭል ጭል ማለት ጀመረ።

ዛሬ ጠዋት ሂርማታ አካባቢ ወርቅ ቤት ወዳለው ጓደኛዬ ሄድኩ።

«ወርቅ አመጣህ?»

«ድንጋይ ነው።»

እየሳቀ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው፦ 27 ግራም። ቀጥሎ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጣውን አስቀመጥን፦ 46 ግራም። ቁመታቸው እኩል፣ ውፍረታቸው እኩል። ታዲያ 19 ግራሙ የት ገባ? አንዳንዶቹ አጭበርባሪዎች ውስጡ አነስ ያለ የባትሪ ድንጋይ ይከቱና የቀረውን ቦታ በዱቄት ነገር ይሞሉታል። የኔን ከፍቼ ለማየት ግን አልደፈርኩም። ሊቲየም ነው፣ እሳት ያስነሳል።

ለነገሩ ቁጥሩ ራሱ ይጮህ ነበር። በዚህ መጠን የሚሠራ ድንጋይ፣ ምርጥ የሚባለው እንኳ፣ የሚይዘው ከ3500 ብዙም አይርቅም። 9900 ከየት ይመጣል? እኔ ዋጋውን እንጂ መች ቁጥሩን አየሁ!

ለሻጩ ጻፍኩለት። «ብሮ ኦሪጅናል ነው፣ በደንብ ቻርጅ አላደረግከው ይሆናል» አለኝ። የሚዛኑን ፎቶ ላኩለት። አየው። ዝም አለ። ከዚያ ብሎክ አደረገኝ።

ሁለተኛው ድንጋይ 26 ግራም ነው።