ወደ አዋሽ ፓርክ ከመሄዳችሁ በፊት የጎማ መፍቻውን ሞክሩት

ቅዳሜ ንጋት ላይ በኪራይ መኪና ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ በአዳማ አድርገን፣ እየሰፋ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘውን የበሰቃ ሐይቅ አልፈን፣ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ረፋድ ላይ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ገባን። መግቢያ ከፍለን ስካውት (የፓርኩን አጃቢ ጠባቂ) ያዝን፤ በኢላላ ሳላ ሜዳ የሳላ መንጋ፣ ከፏፏቴው በታች አዞ አየን። ይህ ሁሉ ያለ ችግር ሆነ።

የተበላሸው እሑድ ነው። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት የጉዟችን ዋና ምክንያት በፓርኩ ሰሜናዊ ጫፍ ያለው ፍልውሃ ነበር። ቁርስ ላይ ጊዜ ፈጅተን የተነሣነው አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። 2007 ሜትር ከፍታ ባለው በፈንታሌ ተራራ ግርጌ፣ ድንጋያማው መንገድ ላይ፣ የኋላ ቀኝ ጎማችንን የግራር እሾህ ወግቶት ተነፈሰ።

ስኮርታው ጥሩ ነበር፤ ክሪኩም ይሠራል። መፍቻውን ብሎኑ ላይ ሳስገባው ግን ዝም ብሎ ዞረ፤ የሌላ መኪና መፍቻ ኖሯል። ጨርቅ ጠቅልዬ አጥብቄ ስሞክር የብሎኑ ጠርዝ ተላጠ፣ የብረቱም ብናኝ መዳፌ ላይ ቀረ። የስልክ ኔትወርክ አልነበረም። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ቅጠሉ ከሳሳ ግራር ሥር ተቀመጠች፤ ጥላው በሸሸ ቁጥር እሷም እየተንፏቀቀች ትከተለዋለች። ለአምስት ሰው ከያዝነው ስድስት ሊትር ውሃ ሰባት ሰዓት ላይ የቀረው ሁለት ሊትር ስለነበር፣ እሱን ለእሷ ብቻ አስቀመጥነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፍልውሃው የሚመለስ መኪና ደርሶ፣ ሾፌሩ የራሱን መፍቻ አውጥቶ ፈታልን። ፍልውሃውን ሳናይ ተመለስን።

ፎር ዊል መኪና ካለ ይበቃል ይባላል፤ እኔ አልስማማም። ወደ ፍልውሃው በሁለት መኪና ሂዱ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሡ፣ ለአንድ ሰው አምስት ሊትር ውሃ ያዙ፤ ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መኪናውን የተረከባችሁበት ግቢ ውስጥ እያላችሁ አንድ ብሎን ፈታችሁ መልሳችሁ እሰሩ፤ አከራዩ ቢቸኩልም ይጠብቅ።

መኪናውን ስመልስ አከራዩ ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቀኝ፣ «ዕቃው ተሟልቷል ብለህ ፈርመሃል» አለኝ። እውነት ነው፣ ሳላይ ፈርሜአለሁ፤ ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። እናቴ አሁንም ፍልውሃው መቼ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። በጥቅምት እወስድሻለሁ ብያታለሁ፤ መፍቻውንም ገዝቼ አስቀምጫለሁ።