83ኛ መውጣት ምን እንደሚጠይቅ በእግሬ ያየሁት

እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያ ባንዲራ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ባንዲራውን የያዘው ሮቤል ተክለማርያም ነበር። ቡድኑም እሱው ብቻ ነው። ፕራጄላቶ በምትባል የተራራ ከተማ በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ (ሁለቱ ስኪዎች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው በሚሄዱበት ስልት) አገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ 83ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ቫንኩቨር ላይ ተመልሶ መጣ፤ በ15 ኪሎ ሜትር ፍሪስታይል (ስኪውን ወደ ጎን እየገፉ በሚሄዱበት ስልት) 93ኛ ሆኖ ጨረሰ።

እኛ የአበበ፣ የኃይሌና የደራርቱ አገር ልጆች ነን። ከሦስተኛ በታች የወጣን ሰው ብዙም አናወራለትም። 83ኛ የሚለው ቁጥር ለእኔ ትርጉም ያገኘው ኖርዌይ፣ ኦስሎ መኖር ጀምሬ ስኪ እግሬ ላይ ካሰርኩ በኋላ ነው። የጀመርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነበር። ዛሬ ከሬና እስከ ሊልሃመር የሚደረገውን የ54 ኪሎ ሜትር የቢርከባይነር ውድድር ጨርሻለሁ። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። ስለ ሮቤልም ያኔ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ እሱንም አብሬ አወራለሁ።

የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ታኅሣሥ ላይ እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ትገባለች። ሥራ፣ ቤት፣ ሥራ፣ ቤት። ሰኞ ሰኞ ግን የሥራ ባልደረቦቼ ፊታቸው ፈክቶ ይመጣሉ። ቅዳሜና እሑድን ጫካ ውስጥ ስኪ ላይ ነው ያሳለፉት። ከከተማው መሀል የሜትሮውን 1 ቁጥር መስመር ይዘህ ፍሮግነርሴተረን ትወርዳለህ፤ ኑርማርካ የሚባለው ሰፊ ጫካ እዚያው ይጀምራል። መንገዶቹ በማሽን ይስተካከላሉ፣ ብዙዎቹ ማታ መብራት አላቸው፣ ክፍያ የለም። ጭለማውን የሚቋቋሙት በዚህ እንደሆነ ሲገባኝ እኔም ልሞክር አልኩ።

ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ያገለገለ ስኪ አብረን ፈልገን ገዛን። ጀማሪ ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ፤ ስኪ በቁመት ብቻ አይመረጥም፣ በክብደት ነው። የክላሲክ ስኪ መሀሉ ትንሽ ወደ ላይ ይጎብጣል። በአንድ እግርህ ስትጫነው መሀሉ በረዶውን ነክቶ ይይዛል፤ ስትለቀው ይነሳና ስኪው በጫፎቹ ይንሸራተታል። ለክብደትህ ከጠነከረ አይይዝልህም፣ ወደ ኋላ ትንሸራተታለህ። ከለሰለሰ ደግሞ ሁልጊዜ ይይዝሃል፣ አትሄድም። ስለዚህ መጀመሪያ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ልብስ ላይ ሳይሆን በልካችሁ የሆነ ስኪ ላይ አውጡ።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ጎረቤቴ እጃቸውን ዘረጉና «ዱላዎቹን ስጪኝ» አሉኝ። ሁለቱንም ተቀበሉኝና ያለ ዱላ ሂጂ አሉ። ደነገጥኩ። ዘዴው ግን ይሄ ነው፤ ዱላ ካለ ክንድህ ይሸከምሃል፣ እግርህ አይማርም። ክብደትህን ሙሉ በሙሉ አንድ እግር ላይ ጥለህ፣ ሌላውን አንስተህ፣ ዝም ብለህ መንሸራተት መቻል አለብህ። ከአጠገቤ የአራት ዓመት ልጆች ሲያልፉኝ እኔ ሁለት እግሬን አንድ ላይ ማቆም አቅቶኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ቅዝቃዜውም ትንፋሹም አላስቸገረኝም። ሚዛን ነው የጎደለኝ፣ እሱን ደግሞ ሳምባ አይተካውም።

ይሄን ካየሁ በኋላ የኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ታሪክ በሌላ ዓይን ታየኝ። ኖርዌይ ውስጥ ከምሥራቅ አፍሪካ ነኝ ካልክ ትልልቆቹ ሰዎች ወዲያው የሚያነሱልህ እሱን ነው። ቦይት ሯጭ ነበር። በ1998 ናጋኖ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ተወዳደረ። ኖርዌያዊው ቢዮርን ዴሊ በ27 ደቂቃ ገደማ አሸነፈ። ቦይት ከ20 ደቂቃ በኋላ የመጨረሻው ሆኖ ገባ። ዴሊ የሜዳልያ ሥነ ሥርዓቱን አስቆይቶ መጨረሻው መስመር ላይ ጠበቀውና አቀፈው። ቦይት በኋላ ልጁን ዴሊ ብሎ ሰየመው። ታሪኩ ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ያ የ20 ደቂቃ ልዩነት የጉልበት አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ በረዶ ላይ ባለፉ ዓመታት የሚገኝ ነገር ነው።

ሮቤል በዚህ ይለያል። በዘጠኝ ዓመቱ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሌክ ፕላሲድ ውስጥ ትምህርት ቤት እያለ ስኪ ተማረ፤ ኋላም ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተወዳደረ። ችሎታው ነበረው። የሌለው ሌላ ነገር ነው። ለኢትዮጵያ መወዳደር ሲፈልግ ኢትዮጵያ ውስጥ የስኪ ፌዴሬሽን የሚባል ነገር አልነበረም። ራሱ አቋቋመ። አዲስ አበባ ላይ በሮለር ስኪ ተለማመደ። ሮለር ስኪ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ጎማ ያለው አጭር ስኪ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፍሬን የለውም። እኔ በጋ ላይ የምለማመደው ሆልመንኮለን ላይ ለዚሁ ተብሎ አስፋልት በተነጠፈበት መንገድ ነው፤ መኪና አይገባበትም፤ እንደዚያም ሆኖ ያለ ሄልሜት አልሞክረውም። ሚኒባስና አህያ በሚጋፋበት መንገድ ላይ ያንን ማድረግ ምን ዓይነት ድፍረት እንደሚጠይቅ አሁን አውቃለሁ።

ወደ ሰሙ ልምጣ፤ የአንድ ሰው ቡድን ችግር በደንብ የሚታየው እዚህ ጋ ነው። በክላሲክ ስኪ መሀሉ ላይ የሚይዝ ሰም ይቀባል፣ ጫፎቹ ላይ የሚያንሸራትት። የሚይዘው ሰም እንደ ሙቀቱ ይለያያል፤ ለደረቅ ቅዝቃዜ ሰማያዊ፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ወይን ጠጅ፣ በረዶው ሲረጥብ ቀይ። ቀልጦ መልሶ ለጠጠረ በረዶ ደግሞ ክሊስተር የሚባል፣ ከእጅ የማይለቅ የቱቦ ሙጫ አለ። ሰሙን በስሱ ትቀባና በቡሽ ፈትገህ ታስተካክለዋለህ፤ ከዚያ ደግመህ፣ ደግመህ። ሁለት ዲግሪ ከተቀየረ ሥራህ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ትልልቆቹ አገሮች ለዚህ ብቻ ባለሙያ አላቸው፣ የኖርዌይ ቡድን ሙሉ የጭነት መኪና የሰም ወርክሾፕ ይዞ ይጓዛል። በውድድሩ ጠዋት ሌሎች ሰዎች ስኪ እየቀያየሩ ሲሞክሩለት አትሌቱ ያርፋል። ብቻውን የመጣው ሰው ግን የራሱ ሰም ቀቢ፣ የራሱ ሞካሪ፣ የራሱ ሾፌር፣ የራሱ ጸሐፊ ሆኖ ነው መነሻው ላይ የሚቆመው።

እኔ ራሴ ለቢርከባይነር ብቻዬን አልተዘጋጀሁም። ሬና ሸለቆ ውስጥ ነች፣ መንገዱ ግን ወደ 900 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ታችና ላይ ያለው በረዶ አንድ አይደለም። ጎረቤቴ ከዋዜማው ጀምረው ትንበያውን እያዩ ስኪዬን ቀቡልኝ። የሠፈሩ ክለብ ሰዎች በአውቶቡስ ወሰዱኝ። ይሄ ሁሉ እርዳታ ለአንዲት አማተር ነው።

ውድድሩ ከ1206 የመነጨ ነው። በእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ቢርከባይነር የሚባሉት ተዋጊዎች ሕፃኑን ልዑል ሆኮንን ተሸክመው በስኪ ተራራ ያቋረጡበት ዓመት ነው። የኛው ንጉሥ ላሊበላ ዙፋን ላይ በነበሩበት ጊዜ ማለት ነው። ለዚያ መታሰቢያ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ቢያንስ 3.5 ኪሎ ጀርባው ላይ ይሸከማል። እኔ ከትርፍ ልብሱ ሌላ ቆሎና በሶ ያዝኩ፤ የሚበላው ሲያልቅ እንዳይቀልብኝ ከ3.5ቱ ውጪ ቆጠርኩት። በሶውን በሞቀ ውሃ በጥብጬ በትንሽ ኮዳ ይዤ ነበር። በስኪ ላይ ሳይርብህ ነው የምትበላው፤ ከራበህ በኋላ ጉልበት መመለስ ከባድ ነው።

ከሬና ወጥተህ ወዲያው ዳገት ነው። ስክራምስታድ፣ ዶልፍየለት፣ ከዚያ ወደ ክቫርስታድ ቁልቁለት። ከክቫርስታድ ወደ ሚድትፍየለት ያለው ዳገት ግን አያልቅም። አንዱን ጉብታ ስትጨርስ ሌላው ይታያል። እዚያ ላይ ሰማቸው ያለቀባቸው ሰዎች ጫፉን ወደ ውጭ ከፍተው እየረገጡ ሲወጡ አየሁ፤ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል። የእኔ ስኪ ይይዝ ነበር። በእያንዳንዱ እርምጃ «ጠቅ» ብሎ ሲይዝ ይሰማኛል፤ ሌሊት ቡሽ ይዘው ሲፈትጉ የነበሩትን ሴት ዳገቱን ሙሉ አመሰገንኩ። ከሹሾየን በኋላ ቁልቁል ነው፤ ብዙ ሺህ ሰው ያለፈበት መንገድ ደግሞ እንደ መስታወት ይሆናል። ጀማሪ ዳገት ይፈራል፤ ልምምዱን ግን ቁልቁለት ላይ ነው ማብዛት ያለበት፣ ጉልበቱ በደከመ እግር። መጨረሻው የ1994ቱ የሊልሃመር ኦሎምፒክ የተካሄደበት ስታዲየም ነው። እዚያ ስገባ አለቀስኩ።

ፕራጄላቶ ላይ በዚያ በ15 ኪሎ ሜትር ያሸነፈው ማን መሰላችሁ? አንድሩስ ቬርፓሉ፣ ኢስቶኒያዊ ነው። በ2002ም በዚሁ ርቀት ወርቅ ወስዷል። ኢስቶኒያ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነው ያላት። ስኪ ላይ ትልቋ አገር እሷ ነች፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የሆነችው ኢትዮጵያ ደግሞ ትንሿ። የሚያስፈልገው ልጆችን የሚያሠለጥን ክለብ፣ ሰም የሚያውቅ ሰውና ደግሞ መሞከር የሚያስችል ድጋፍ ነው። ኤርትራን የወከለው፣ ካናዳ የተወለደው ሻነን አበዳ በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ በጃይንት ስላሎም፣ ማለትም በምሰሶዎች መካከል እየታጠፉ ቁልቁል በሚወርዱበት የስኪ ውድድር፣ 61ኛ ወጣ። በ2022 ቤጂንግ ላይ 39ኛ። ሁለተኛ ዕድል ይሄን ያህል ዋጋ አለው።

የኢትዮጵያ ባንዲራ በ2014፣ በ2018ም ሆነ በ2022 አልነበረም። በሩ ግን አልተዘጋም። ቶንጋዊው ፒታ ታውፋቶፉዋ የቴኳንዶ ተወዳዳሪ ነበር። በሮለር ስኪ ውድድሮች ጭምር ነጥብ ሰብስቦ 2018 ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ተሳተፈ። ነጥቡ ከአሸናፊዎቹ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረህ ስለሚለካ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው፤ የሚፈለገው ከ300 በታች ሆኖ ነበር። ኦስሎ፣ ስቶክሆልምና ካልጋሪ የሚያድጉት ልጆቻችን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው ስኪ ያስራሉ፤ ፒታ በጉልምስናው ሲታገለው የነበረውን ሚዛን እነሱ ሳያውቁት ይዘውታል። የሚያቆሙት አሥር ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ነው፤ ወላጅ ስለ ክለብ አያውቅም፣ ዕቃው ይወደዳል፣ ቅዳሜው በሌላ ነገር ይያዛል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሠፈሬን ሐበሻ ልጆች ይዤ ወደ ጫካ እወጣለሁ። ለወላጆች የምነግራቸው አጭር ነው፤ ያገለገለ ስኪ ይበቃል፣ ከውስጥ ጥጥ ሳይሆን ሱፍ አልብሱ፣ ወፍራም ጃኬት አያስፈልግም። አንዷ እናት ቆፍጠን ብላ፣ «ቆይ፣ ይሄ ነገር ለትምህርቱ ምን ይጠቅመዋል?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አሜሪካ ውስጥ የስኪ ቡድን ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች እንዳሉ፣ ሮቤልም በዚያ መንገድ እንዳለፈ ነገርኳት። ስሙን ሰምታው አታውቅም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ልጇን ክለብ አስመዘገበችው።